የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ምንድን ነው? «የስ» ከገባ በኋላስ አድናቂው ለምን ይጨቃጨቃል?

«የስ» የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ የድሮ አድናቂዎች ካሉበት ሄዳችሁ «ሆል ኦፍ ፌም» የሚለውን ስም ብቻ አንሱ። ከዚያ በኋላ እናንተ መናገር አይጠበቅባችሁም። ባንዱ የገባው 2017 ላይ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ ክርክሩ ግን እስካሁን ትኩስ ነው። ለማያውቀው ሰው ግራ ያጋባል። ሽልማቱ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አለቀ አይደል እንዴ? አላለቀም። ምክንያቱም ጠቡ ባንዱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ብቻ አይደለም። «ባንዱ» ስንል እነማንን ነው የሚለው ነው ዋናው።

ከመነሻው እንጀምር። የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም የአሜሪካ ተቋም ነው። ለሙዚቃው ትልቅ ነገር ሠርተዋል የሚላቸውን በየዓመቱ እየመረጠ በክብር ያስገባል፤ ኢንዳክሽን የሚባለው ይኸው ማስገባት ነው። ድርጅቱ 1983 ላይ ሲቋቋም ከፊት ከነበሩት ሰዎች አንዱ አትላንቲክ ሪከርድስ የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ተባባሪ መሥራች አህመት ኤርቴጉን ነው። የሮሊንግ ስቶን መጽሔቱ ጃን ዌነርም አብሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች 1986 ላይ ገቡ፤ ቸክ ቤሪ፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ጄምስ ብራውን፣ ሬይ ቻርልስ፣ ሊትል ሪቻርድና ሌሎችም። በነሱ ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ሙዚየሙ ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር፣ 1995 ላይ ተከፈተ።

አመራረጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አርቲስቱ ወይም ባንዱ የመጀመሪያ ሥራውን ለገበያ ካወጣ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ከዚያ አንድ አስመራጭ ኮሚቴ የእጩዎቹን ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ከ1,000 በላይ ለሚሆኑ መራጮች ይላካል፤ እነሱም ቀድመው የገቡ ሙዚቀኞች፣ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎችና የኢንዱስትሪው ሰዎች ናቸው። ብዙ ድምጽ ያገኙት ይገባሉ።

ሕዝቡስ? ከ2013ቱ ምርጫ ጀምሮ አድናቂም በኢንተርኔት ድምጽ ይሰጣል። ግን ልብ በሉ፤ በሕዝብ ድምጽ ከላይ የወጡት ተሰብስበው የሚሞሉት አንዲት የድምጽ መስጫ ወረቀት ብቻ ነው። ሰው ስልኩን ይዞ በየቀኑ ሲጫን ከርሞ፣ ያ ሁሉ ድምጽ ተደምሮ ከሺህ በላይ ከሆኑት ወረቀቶች አንዷ ይሆናል። 2021 ላይ የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ እጩ ሆኖ በሕዝብ ድምጽ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት አልገባም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ዴቭ ማቲውስ ባንድ አንደኛ ወጥቶም ቀርቷል፤ የገባው 2024 ላይ ነው። ስለዚህ «እኛ መርጠን አስገባናቸው» የሚል አድናቂ ካጋጠማችሁ ደስታውን አትንጠቁት፣ ግን አትመኑት።

አሁን ወደ ፕሮግሬሲቭ ሮክ። አድናቂው አሳጥሮ «ፕሮግ» ይለዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የሦስት ደቂቃ ዘፈን አልበቃ ያላቸው ወጣቶች ሮክን ከክላሲካልና ከጃዝ ጋር እያደባለቁ፣ ምቱን እየሰባበሩ፣ ዘፈኑን እያስረዘሙ የሠሩት ነገር ነው። የ«የስ» የ1972 አልበም «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» በጠቅላላው ሦስት ዘፈን ነው ያለው፤ አንዱ ብቻ ከ18 ደቂቃ በላይ ሄዶ የሸክላውን አንድ ገጽ ይሞላል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሁለት ሸክላ አውጥተው በአራት ዘፈን ሞሉት። ይሄ ለእነሱም ሳይበዛ አልቀረም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪክ ዌክማን በዚያ ዘመን ተሰላችቶ መድረክ ላይ ከሪ የሚባለውን የህንድ ወጥ እንደበላ ራሱ እየሳቀ ይናገራል። ብዙ ተቺዎች ይህን ሙዚቃ ጉራ ነው ብለው አጣጣሉት። ፐንክ የሚባለው አጭርና ያልተወሳሰበ ሮክ ሲመጣ ጭራሽ መሳቂያ ሆነ። አድናቂዎቹ ሆል ኦፍ ፌም የተሞላው በእነዚያው ተቺዎች አስተሳሰብ ነው ብለው ቂም የያዙትም ለዚህ ነው። ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ የ«የስ» አሳታሚ ያኔ አትላንቲክ መሆኑ ነው፣ ያው የኤርቴጉን ኩባንያ።

ቂሙ ትንሽ የረገበው 2013 ላይ የካናዳው «ረሽ» ሲገባ ነው። ከቶሮንቶ የመጡት ሦስቱ ሰዎች ብቁ ከሆኑ ከአስር ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን ምስጋናውን ሲያቀርብ ከ«ብላ ብላ ብላ» በቀር አንድ ቃል አልወጣውም። የሕይወት ታሪካቸውን በእጅና በፊት እንቅስቃሴ ብቻ ተረከው። ለኔ በዚያ መድረክ ላይ ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ እሱን የሚያክል የለም።

«የስ» የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው 1969 ላይ ነው። ስለዚህ ከ1994 ጀምሮ ብቁ ነበር። የገባው 2017። ሃያ ሦስት ዓመት! በመሀል ምን ሆነ? ቤዝ ተጫዋቹ ክሪስ ስኳየር ሰኔ 2015 ላይ ሞተ። እስከዚያ ቀን በወጣው እያንዳንዱ የባንዱ አልበም ላይ የተጫወተ እሱ ብቻ ነው። «ዘገየ» የሚለው ወገን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የስም ዝርዝሩ የሚመጣው። ባንድ ሲገባ ባዶ ስሙ ብቻ አይገባም፤ አባል ተብለው የሚገቡት ሰዎች በስም ይጠራሉ። ማን እንደሚጠራ የሚወስነው ተቋሙ ነው። ለ«የስ» ስምንት ሰዎች ተጠሩ፤ ጆን አንደርሰን፣ ክሪስ ስኳየር፣ ስቲቭ ሃው፣ ሪክ ዌክማን፣ ቢል ብሩፎርድ፣ ቶኒ ኬይ፣ አለን ዋይትና ትሬቨር ራቢን። የባንዱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር እንዳየ ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ በ1991ዱ የ«ዩኒየን» የኮንሰርት ጉዞ ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ተዋህደው አንድ መድረክ ላይ የቆሙት ስምንቱ ሰዎች ናቸው። ለአስመራጩ ምቹ ዝርዝር ነው። ግን ፍትሐዊ ነው?

የቀሩትን እዩ። ፒተር ባንክስ የባንዱ የመጀመሪያው ጊታሪስት ነው፣ ሁለቱን የመጀመሪያ አልበሞች ሠርቷል፣ ስሙን ያወጣውም እሱ ነው ይባላል። የለም። ትሬቨር ሆርን የ1980ውን አልበም በድምጻዊነት ዘፍኖ፣ በ1983ቱ ደግሞ ፕሮዲዩሰር ሆኖ «ኦውነር ኦፍ ኤ ሎንሊ ኸርት» አሜሪካ ውስጥ አንደኛ እንዲወጣ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። የለም። ጄፍ ዳውንስ ሥነ ሥርዓቱ በተደረገበት ዓመት የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። እሱም የለም። ፓትሪክ ሞራዝ ደግሞ ያሳዝናል፤ በ1974ቱ አልበም ላይ ከ«የስ» ጋር ተጫውቷል፣ በኋላ ከ«ሙዲ ብሉዝ» ጋር ከአስር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ 2018 ላይ «ሙዲ ብሉዝ» ሲገባም ስሙ አልተጠራም። በተከታታይ ሁለት ዓመት፣ ከሁለት ባንድ!

በዚህ ላይ አድናቂው ራሱ ሁለት ወገን ነው። የ1970ዎቹን «የስ» የሚያመልኩት «ትሩፐር» ይባላሉ፣ የራቢንን ዘመን የሚወዱት «ጄኔሬተር»፤ ሁለቱም ከባንዱ ሥራዎች የወጡ መጠሪያዎች ናቸው። ራቢን ጆሃንስበርግ የተወለደ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ያንን አንደኛ የወጣ ዘፈን ይዞ የመጣውም እሱ ነው። ትሩፐሩ «ያ ፖፕ ነው» ይላል። ጄኔሬተሩ «ያ ዘፈን ባይኖር ባንዱን ማን ያስታውሰው ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ስምንቱ ስሞች ለሁለቱም ወገን የተከፋፈሉ ስለሚመስሉ ማንም ሙሉ በሙሉ አልረካም።

ብሩክሊን ውስጥ የተደረገው ሥነ ሥርዓትም ይህንኑ ነው ያሳየው። ያኔ ሃውና ዋይት «የስ» በሚለው ስም፣ አንደርሰን፣ ራቢንና ዌክማን ደግሞ በሌላ ቡድን ለየብቻ ነበር የሚሠሩት። ለአንድ ምሽት አብረው ቆሙ። ያስተዋወቋቸው የ«ረሽ»ዎቹ ጌዲ ሊና ላይፍሰን ናቸው። ጌዲ ሊ «ራውንድአባውት» ላይ የስኳየርን ቦታ ይዞ ቤዝ ተጫወተ። በቀጣዩ ዘፈን፣ በ«ኦውነር»፣ ቤዙን ያነሳው ስቲቭ ሃው ነው፤ ጊታሪስቱ ሃው፣ ያ ዘፈን ሲቀዳ ባንዱ ውስጥ እንኳ ያልነበረው ሰውዬ! ብሩፎርድ መጥቶ ቆመ እንጂ ከበሮ አልመታም። ዌክማን ቀልድ በቀልድ አደረገው። ተቀያይመው የከረሙ ዘመዳሞች ሠርግ ላይ የተገናኙ ነው የሚመስለው፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት።

አንድ ወጥ ደንብ ቢኖር ነገሩ ይቀል ነበር። «ግሬትፉል ዴድ» 1994 ላይ ሲገባ 12 ሰው ተጠራለት። «ኪስ» 2014 ላይ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ብቻ ተጠሩ፣ ፖል ስታንሊም በይፋ ተቆጣ። «ዲፕ ፐርፕል» 2016 ላይ ሲገባ በኋላ የመጡት ዴቪድ ከቨርዴልና ግሌን ሂውዝ ሲጠሩ የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ኒክ ሲምፐር ቀረ። አንዱ ጋ መሥራች መሆን ያስገባል፣ ሌላው ጋ አያስገባም። ለኔ ቢተውልኝ መሥራች የሆነ ሁሉ ይጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ አልበም የተጫወተ ሁሉ። መድረኩ ይጠባል የሚል ካለ ይጥበብ፤ ግማሹ እንደሆነ ተኳርፎ አይመጣም።

ትልቁ ፈተና ደግሞ ገና ነው። ሌሎቹ የፕሮግ ባንዶች «ጄትሮ ተል»ም «ኪንግ ክሪምሰን»ም እስከ 2025 አልገቡም። «ክሪምሰን» ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ሳይለቅ የቆየው ሮበርት ፍሪፕ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ገብቶ ወጥቷል፤ የመጨረሻው ስብስብ ሦስት ድራመር ከፊት ደርድሮ ነበር የሚጫወተው። «ክሪምሰን» ከገባ፣ 1972 ላይ «የስ»ን ለቆ እዚያ የሄደው ብሩፎርድ ሁለተኛ ጊዜ ሊገባ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ሁሉ ማን እንደሚጠራ እንጃ፣ ብቻ የመጀመሪያውን አልበም የዘፈነው ግሬግ ሌክ ከቀረ ከትሩፐሮቹ ብሼ ነው የምጮኸው።