የሥራ ቦታ የኢሚግሬሽን ቁጥጥር፦ የስቴትና የፌዴራል ሕግ ግጭት በካሊፎርኒያ

በአሜሪካ ማን ተቀጥሮ መሥራት እንደሚችል የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው። አሠሪው ሠራተኛውን እንዴት መያዝ እንዳለበት፣ ምን እንደሚከፍለውና ምን ሊነግረው እንደሚገባ ግን ስቴቶችም ሕግ ያወጣሉ። የኢሚግሬሽን መኮንኖች አንድ ምግብ ቤት ወይም ፋብሪካ ሲደርሱ አሠሪው በሁለቱ ሕጎች መካከል ይቆማል፤ አንዱ የፈቀደለትን ሌላው ሊቀጣበት ይችላል። ይህን ግጭት እስከ ፍርድ ቤት ድረስ በሰፊው የፈተነችው ካሊፎርኒያ ናት። ከክርክሩ ተርፎ ዛሬ የሚሠራው የስቴት ሕግ በየሰፈሩ እንደሚወራው ሰፊ አይደለም። የቀረው ግን ለሠራተኛው በተግባር የሚጠቅም ነው፤ ስለዚህ የቱ እንደወደቀና የቱ እንደጸና ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1971 እስከ 1986

ዛሬ ለስደተኛ ሠራተኛ በመቆም የምትታወቀው ካሊፎርኒያ በ1971 የሥራ ፈቃድ የሌለውን ሰው እያወቀ የሚቀጥር አሠሪን የሚቀጣ ሕግ አውጥታ ነበር። በዚያን ጊዜ የፌዴራሉ ሕግ አሠሪዎችን አይቀጣም ነበር። የካሊፎርኒያው ሕግ ከፌዴራል ሥልጣን ጋር ይጋጫል ተብሎ ቢከሰስም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ደካናስ እና ባይካ በተባለው መዝገብ የሥራ ግንኙነትን መምራት የስቴቶች የቆየ ሥልጣን ነው በማለት በስምምነት ደግፎታል።

ሁኔታው የተለወጠው ፕሬዚዳንት ሬገን ኅዳር 1986 ላይ በፈረሙት የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ያለ አሠሪ ሁሉ አዲስ ለሚቀጥረው ሰው የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ የሆነውን አይ-9 የተባለውን ፎርም መሙላት ግዴታው ሆነ። ሕጉ በግልጽ ቃል ስቴቶች የሥራ ፈቃድ የሌለውን ሠራተኛ በሚቀጥር ላይ የፍትሐ ብሔርም ሆነ የወንጀል ቅጣት እንዳይጥሉ ከለከለ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ተወ፦ «ከንግድ ፈቃድና ከመሰል ሕጎች በቀር» የሚለውን። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ብዙው የሚዞረው በዚህች ሐረግ ዙሪያ ነው።

አጥባቂ ስቴቶች የሞከሩት

አሪዞና በ2007 ቀዳዳውን ተጠቀመችበት። ፈቃድ የሌለውን ሰው እያወቀ የቀጠረ ድርጅት የንግድ ፈቃዱ እንዲታገድ፣ በአመክሮ ጊዜው ከደገመው ጭራሽ እንዲሰረዝ ደነገገች፤ ኢ-ቬሪፋይ የተባለውን የሥራ ፈቃድ የኮምፒውተር ማጣሪያም ለአሠሪ ሁሉ ግዴታ አደረገች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ይህን በ5 ለ3 ድምፅ አጸናላት። በዓመቱ ግን በሌላ መዝገብ፣ ፈቃድ ሳይኖረው ሥራ የሚፈልግን ወይም የሚሠራን ሰው በወንጀል የሚቀጣውን የአሪዞና አንቀጽ ሻረ። ምክንያቱ፣ ኮንግረሱ በ1986 ቅጣቱን በአሠሪው ላይ ጥሎ ሠራተኛውን በመሥራቱ ብቻ ወንጀለኛ ላለማድረግ አውቆ መምረጡ ነው።

ይህ መከላከያ በ2020 ሳሳ። ካንሳስ ሌላ ሰው የያዘውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በግብር ተቀናሽ ፎርም ላይ የሞሉ ሠራተኞችን በማንነት ስርቆት ከሰሰች። ሠራተኞቹ ያው ቁጥር አይ-9 ላይም ስላለ፣ አይ-9 ላይ የተጻፈውን ለሌላ ክስ መጠቀም ደግሞ ክልክል ስለሆነ ስቴቱ ሊከሰን አይችልም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ክልከላው የሚሸፍነው አይ-9ን እንጂ አጠገቡ የተሞላውን የግብር ወረቀት አይደለም አለ። ሁለቱ ፎርሞች ብዙውን ጊዜ በሥራው መጀመሪያ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሞሉ ይህ ፍርድ ሊናቅ አይገባም።

ኤቢ 450

ካሊፎርኒያ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ኤቢ 450 በተባለው ሕግ ነው። ሕጉ አራት ነገር ይዞ ነበር። አሠሪ ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ሳያይ የኢሚግሬሽን መኮንን ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነው የሥራ ቦታ እንዲገባ በፈቃዱ መስማማት አይችልም። ያለ መጥሪያ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የሠራተኛ መዝገብ በፈቃዱ ማሳየት አይችልም፤ ለአይ-9 ፍተሻ ግን ልዩነት ተደርጓል። የነባር ሠራተኛን የሥራ ፈቃድ የፌዴራል ሕግ ካላዘዘው እንደገና ማጣራት አይችልም። የአይ-9 ፍተሻ ሲመጣበት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሠራተኞቹ ማሳወቅ አለበት። ቅጣቱ እንደ አንቀጹ ቢለያይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000፣ ለሚደጋገም ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል።

በዚያው ጃንዋሪ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት አይስ በመላ አገሪቱ 98 የሰቨን-ኢለቨን ሱቆችን ሲፈትሽ፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሃቪየር ቤሴራ አዲሱን ሕግ ጥሶ የሚተባበር አሠሪ እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። በማርች የፌዴራሉ መንግሥት ስቴቷን ሳክራሜንቶ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ዳኛ ጆን ሜንዴዝ በጁላይ 2018 ሕጉን ቆራርጠው አዩት። አሠሪ በገዛ ፈቃዱ ለፌዴራል መኮንን በር ስለከፈተ ወይም መዝገብ ስላሳየ መቅጣት፣ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተባበረን ሰው ለይቶ መጉዳት ነው ብለው በግል አሠሪዎች ላይ እንዳይሠራ አገዱ። ዳግም ማጣራትን የሚከለክለውንም አንቀጽ አገዱ። የማሳወቁን ግዴታ ግን አልነኩትም፤ ይህ ስቴቱ አሠሪ ለሠራተኛው ስላለበት ግዴታ የሚያወጣው ተራ የሥራ ሕግ ነው፣ ፍተሻውንም አያደናቅፍም አሉ። ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በአፕሪል 2019 የማሳወቁን አንቀጽ አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2020 ጉዳዩን ለመስማት ፈቃደኛ አልሆነም።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በካሊፎርኒያ ያለ የግል አሠሪ አይስን ያለ ማዘዣ ወደ ጓዳ ቢያስገባ ዛሬ በኤቢ 450 አይቀጣም። አላስገባም የማለት መብቱም ከኤቢ 450 አልመጣም፤ ከሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ የመጣ ስለሆነ በቴክሳስም በቨርጂኒያም እኩል ይሠራል። እግዱ የግል አሠሪዎችን ብቻ ስለሚመለከት፣ የከተማ አስተዳደርን ወይም ሌላ መንግሥታዊ ቀጣሪን የሚይዘው ክልከላ አልታገደም።

ፍተሻው እንዴት ይሄዳል

አይ-9 ሁለት ዋና ክፍል አለው። የመጀመሪያውን ሠራተኛው ሥራ በጀመረበት ቀን ሞልቶ ይፈርማል። ሁለተኛውን አሠሪው ሰነዶቹን አይቶ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሞላል። ሰነዱን የሚመርጠው ሠራተኛው ነው፦ ማንነትንና የሥራ ፈቃድን በአንድነት ከሚያሳየው ዝርዝር «ኤ» አንድ፣ ወይም ማንነትን ከሚያሳየው «ቢ» አንድና የሥራ ፈቃድን ከሚያሳየው «ሲ» አንድ። መንጃ ፈቃድና ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ያመጣን ሰው «ግሪን ካርድህን ካላሳየህ» ማለት ራሱ የፌዴራል ጥፋት ነው፤ ተጎጂው በ180 ቀን ውስጥ ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የስደተኛና የሠራተኛ መብት ክፍል ሊያመለክት ይችላል። ግሪን ካርድ ያሳየ ሠራተኛም ካርዱ ጊዜው ስላለፈ ብቻ እንደገና ማስረጃ አይጠየቅም። ይህ ጥበቃ የፌዴራል ስለሆነ የሜንዴዝ ውሳኔ አልነካውም። ፎርሙ ከቅጥሩ 3 ዓመት ወይም ሠራተኛው ከለቀቀ 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪደርስ ይቀመጣል።

አይስ የምርመራ ማስታወቂያ ሲሰጥ አሠሪው ፎርሞቹን ለማቅረብ ቢያንስ 3 የሥራ ቀናት አለው። የካሊፎርኒያው 72 ሰዓት የሚቆጠረውም ማስታወቂያው ከደረሰው ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ አሠሪ የሚሳሳተው፤ አንዱ በሥራ ቀን ሌላው በሰዓት ስለሚቆጠር፣ ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ወረቀት ለአይስ እስከ ረቡዕ ጊዜ ሲሰጥ የስቴቱ ቀነ ገደብ ሰኞ ከሰዓት ያልቃል። የሚለጠፈው ማስታወቂያ ፈታሹ መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ፣ ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን፣ የሚታወቅ ከሆነ የፍተሻውን ዓይነት መግለጽና አይስ የሰጠውን የምርመራ ማስታወቂያ ቅጂ መያዝ አለበት። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለተወካዩም ይሰጣል። የሚጻፈው አሠሪው ስለ ሥራ ከሠራተኞቹ ጋር በሚነጋገርበት ቋንቋ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ወጥ ቤቱና አስተናጋጁ ከባለቤቱ ጋር በአማርኛ የሚሠሩበት ቤት በእንግሊዝኛ ብቻ ለጥፎ ግዴታዬን ተወጣሁ ሊል አይችልም።

ውጤቱ ሲመጣም ሁለተኛ 72 ሰዓት አለ። ሰነዱ አጠራጣሪ የተባለበት ሠራተኛ ለብቻው በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ለማስተካከል ምን ያህል ጊዜ እንዳለው፣ ከአሠሪው ጋር የሚገናኝበት ቀን ተቆርጦ ከሆነ መቼ እንደሆነና ወኪል ይዞ የመቅረብ መብት እንዳለው። ወረቀቱ ከተቻለ በእጅ ይሰጣል፣ ካልተቻለ በፖስታና በኢሜይል ይላካል። አይስ ለቴክኒክ ስህተቶች ቢያንስ 10 የሥራ ቀናት ማስተካከያ ይሰጣል፤ ያለ ቀን የተፈረመ ወይም የትውልድ ቀን የጎደለው ፎርም የዚህ ዓይነት ነው። ከናካቴው ያልተሞላ ፎርም ግን አይታለፍም። በ2025 በወጣው ተመን የወረቀት ጥፋት በአንድ ፎርም ከ288 እስከ 2,861 ዶላር ያስቀጣል፤ 40 ሠራተኛ ላለው ቤት ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ማዘዣው የማን ነው?

በሩ ላይ የሚወስነው ወረቀቱን ማንበብ ነው። ዳኛ ያዘዘው ከሆነ አናቱ ላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ውስጡ የሚፈተሸው አድራሻና የሚፈለገው ነገር፣ ግርጌው ላይ የዳኛ ፊርማ ይገኛል፤ የማስፈጸሚያ ቀነ ገደብም ይኖረዋል። አናቱ ላይ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚል ያለበት፣ አይ-200 ወይም አይ-205 ተብሎ የተቆጠረ፣ የኢሚግሬሽን መኮንን የፈረመበት ወረቀት አስተዳደራዊ ማዘዣ ነው። ይህ መኮንኑ የተጠቀሰውን ሰው እንዲይዝ ያስችለዋል፤ ያለ ስምምነት ወጥ ቤት፣ መጋዘን ወይም ቢሮ እንዲገባ ግን አያስችለውም። የመመገቢያ አዳራሽና የመኪና ማቆሚያ ለማንም ክፍት ስለሆኑ እዚያ ለመግባት ማዘዣ አያስፈልግም። ስምምነቱን ሊሰጥ የሚችለው ኃላፊው ነው፤ ፊት ለፊት ያገኙት ገንዘብ ተቀባይ «ግቡ» እንዳይል አስቀድሞ መመደብና ማስረዳት ያስፈልጋል።

ዳኛ የፈረመበት ከመጣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። በጁን 2025 በሎስ አንጀለስ የልብስ ድርጅት፣ በጁላይ ደግሞ በካማሪዮ የግላስ ሃውስ እርሻ የገቡት የፌዴራል ኃይሎች የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘው ነበር፤ የትኛውም የስቴት ሕግ በሩን ሊዘጋባቸው አይችልም ነበር።

ኢ-ቬሪፋይና የእኛ ስሞች

በፌዴራል ሕግ ኢ-ቬሪፋይ ለአብዛኛው የግል አሠሪ በፈቃድ ነው፤ የሚለያዩት ስቴቶቹ ናቸው። ጆርጂያ ከ10 በላይ፣ ፍሎሪዳ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው የግል ድርጅቶች ላይ ግዴታ አድርገዋል። ካሊፎርኒያ ከተሞቿ በግል አሠሪ ላይ ግዴታ እንዳያደርጉት ከልክላለች፤ ሥራ ያልተሰጠውን አመልካች ወይም ነባር ሠራተኛን ያለ ፌዴራል ግዴታ በዚህ ማጣሪያ ያሳለፈ አሠሪም በእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር ይቀጣል። ስለዚህ ከአትላንታ ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደ ሰው በአንድ ዓይነት ወረቀት ሁለት ዓይነት አቀባበል ይገጥመዋል።

ማጣሪያው አልተረጋገጠም የሚል ምላሽ ሲሰጥ ሁልጊዜ ሠራተኛው ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም። ሐበሾችን ደጋግሞ የሚይዘው ስም ነው። የአባት ስም በአንዱ መዝገብ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው የመካከለኛ ስም ሆኖ ይገባል፤ «ገብረ» እና «ወልደ» ከሚከተላቸው ተለያይተው ወይም ተጣብቀው ይጻፋሉ፤ የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ይዛነፋል። ዜግነት ወስዶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያላሳወቀም ሰው መዝገቡ አሮጌ ሆኖ ይጠብቀዋል። መፍትሔው ምላሹን በጽሑፍ መቀበል፣ እቃወማለሁ ብሎ መፈረምና ጉዳዩ ወደ ቢሮው ከተመራበት አንሥቶ በ8 የፌዴራል የሥራ ቀናት ውስጥ እዚያ መቅረብ ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ አሠሪው ማባረር፣ ማገድ ወይም ደመወዝ መቀነስ አይችልም።

የተሠራበት ደመወዝ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 ሆፍማን በተባለው መዝገብ፣ የሠራተኛ ማኅበር በመደገፉ የተባረረ ፈቃድ የሌለው ሰው ከተባረረ በኋላ ላለው ጊዜ የታጣ ደመወዝ በፌዴራሉ የሥራ ግንኙነት ቦርድ በኩል ሊከፈለው አይችልም አለ። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት መልስ ሰጠች፦ በስቴቱ የሥራ ሕግ ለሚሰጥ ጥበቃ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠየቅም የሚል ሕግ አወጣች። ሰው ለሠራበት ሰዓት ክፍያውን፣ የትርፍ ሰዓቱንም ጭምር፣ ያለ ፈቃድ ቢሆንም ያገኛል።

ያለ አግባብ ተባርሮ ላልሠራበት ጊዜ የሚጠየቀው ካሳ ግን አከራካሪ ሆኖ ቆየ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ሳላስ በተባለው መዝገብ መስመሩን አሰመረ፦ አሠሪው ሰውየው ፈቃድ እንደሌለው እስካወቀበት ቀን ድረስ ያለው ካሳ ይከፈላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን መክፈል ግን የፌዴራሉን ሕግ ስለሚጥስ አይቻልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክርክር ገንዘቡን የሚወስነው ቀን ነው፤ ከአይስ የመጣው ደብዳቤ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የተሰጠው ማስታወቂያና የስንብቱ ወረቀት ቀናቸው እንደተጻፈ ተጠብቀው ለጠበቃው ወይም ለስቴቱ የሥራ ኮሚሽነር ቢሮ መቅረብ አለባቸው።