ሣር ከመዝራት በፊት፦ ስለ ግቢ አፈር ዝግጅት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ዘር ገዝቶ ይበትንና ውሃ ያጠጣል፤ አፈሩን የሚያስታውሰው ሣሩ ሲመነምን ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ የሚያርስ የጎጃም ሰው ለግቢው ሣር ሲሆን ያንን ዕውቀት መተዉ ያስቆጨኛል። የሁለቱም ዘር ደቃቅ ነው፤ የሚፈልጉት መደብም ይመሳሰላል።

«ሰርዶ ሳይዘሩት ይበቅል የለ? ምን ዝግጅት ያስፈልጋል?»

ሰርዶ የሚዛመተው መሬት ለመሬት በሚሳበው ግንዱ ጭምር ነው። ከዘር የሚነሣ ቡቃያ ያን ያህል አቅም የለውም። የግንባታውን ፍርስራሽ አውጡ፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ውሃ እንዳይተኛበት ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ።

«አፈሩ እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት።»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። የላመ አፈር ዝናብ ሲመታው ይለሰናል፤ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ቡቃያው ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ጓሉ የአተር ፍሬ እስኪያክል ከተሰበረ ይበቃል። ቀጥሎ መጠቅጠቅ ይመጣል። ገበሬው የጤፍ ማሳውን በከብት የሚያስረግጠው በከንቱ አይደለም፤ ደቃቅ ዘር ከአፈሩ ጋር ካልተጣበቀ እርጥበት አያገኝም። ለግቢ፣ ሳንቃ እየዘረጉ በላዩ መራመድ ወይም ውሃ የተሞላ በርሜል ማንከባለል በቂ ነው። ስትቆሙበት እግራችሁ ከሰመጠ ገና ነው፤ ስስ ዱካ ብቻ ከተወ ደርሷል። ለሣር ግን አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ አትርገጡት።

«ኖራ የትኛውንም መሬት ያሻሽላል።»

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። እንዲህ ባለው አፈር ፎስፈረስ ይታሰራል፣ የሚሟሟው አሉሚኒየምም ሥርን ይጎዳል፤ ኖራ የሚጠቅመው እዚያ ነው። አሲዳማ ባልሆነ አፈር፣ በተለይም ሲሚንቶ በተደፋበት ግቢ፣ ኖራ መጨመር ጉዳት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ፒኤቹን፣ ማለትም የአፈሩን የአሲዳማነት ልክ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበረታል)፣ አስለኩ። ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራውን ከመዝራታችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ላይ አትጨምሩት፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ ጋዝ መልክ ይተናል።

«ትኩስ ፍግ ሣሩን ያፋፋዋል።»

የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። በደንብ የበሰለውን ተጠቀሙ። መደቡን አስቀድሞ አጠጥቶ የበቀለውን አረም በስሱ መኮትኮትም ብዙ ድካም ያስቀራል።

«ሐምሌ ዝናብ ስለማይጠፋ ምርጡ ጊዜ ነው።»

የሐምሌ ጎርፍ ዘሩን ጠርጎ ወደ አንድ ጥግ ይከምረዋል። በሰኔ መግቢያ፣ ወይም ውሃ ማጠጣት ለሚችል ሰው በመስከረም መዝራት ይሻላል።

«ያለ ማሽን አይሆንም።»

ለአንድ ግቢ ዶማ፣ አካፋ፣ ሬክ፣ ችካልና ገመድ ይበቃሉ። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉና ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም እየሄዳችሁ በትኑ። ከዚያ በሬኩ ጀርባ በስሱ አልብሱት፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ የተቀበረ ደቃቅ ዘር ላይወጣ ይችላል።