«ዋንደር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መዛግብተ ቃላት «ዋንደር»ን (wonder) «መደነቅ፣ ድንቅ ነገር» ብለው ስለሚፈቱት፣ ብዙ ተማሪዎች ቃሉን ባገኙበት ሁሉ ይህንኑ ፍች ይሰጡታል። ፍችው ትክክል ቢሆንም የቃሉን አገልግሎት ሁሉ አይሸፍንም።

«አይ ዋንደር» ሁልጊዜ «እደነቃለሁ» ማለት ነው መባሉ ከሁሉ የበለጠ ያሳስታል። ግሱ በዛሬው እንግሊዝኛ አዘውትሮ የሚያገለግለው ያልታወቀን ነገር በልብ መጠየቅን ለመግለጽ ነው። «አይ ዋንደር ኢፍ ሺ ዊል ካም» ያለ ሰው የተደነቀበት ነገር የለም፤ «ትመጣ ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። አማርኛ በ«ይሆን» የሚገልጸውን ጥርጣሬና ጉጉት እንግሊዝኛ በዚህ ግስ ይገልጸዋል። ግሱ መደነቅን ሲያመለክት ብዙውን ጊዜ «አት» የሚለውን መስተዋድድ ያስከትላል፤ ይህ አጠቃቀም ግን ከዕለት ንግግር ይልቅ በጽሑፍ ይዘወተራል።

«አይ ዎዝ ዋንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ» የሚለውም በኃላፊ ጊዜ ስለተነገረ ያለፈ ጉዳይ የሚመስላቸው አሉ። የኃላፊ ጊዜው እዚህ የትሕትና መንገድ ሲሆን፣ ተናጋሪው አሁን፣ በዚያችው ሰዓት፣ «ሊረዱኝ ይችሉ ይሆን?» እያለ ነው። «አስብ ነበር» ብሎ ቃል በቃል የተረጎመ አድማጭ እርዳታ መጠየቁን እንኳ ሳይረዳ ሊቀር ይችላል።

«ኖ ዋንደር» ደግሞ «ምንም ድንቅ ነገር የለውም» ተብሎ እንደ ማናናቅ ይወሰዳል። እንዲያውም ምክንያቱ ግልጽ የሆነን ነገር ማመልከቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ስላደረ ሰው «ኖ ዋንደር ሂ ኢዝ ታየርድ» ቢባል፣ «ቢደክመው ምን ይገርማል!» ማለት ነው።

«ዋንደርፉል» የሚያስገርም ነገር ሁሉ መጠሪያ አይደለም፤ ዛሬ በአብዛኛው «እጅግ ጥሩ» ማለት ነው። ስለዚህ አስደንጋጭ አደጋን በዚህ ቃል መግለጽ፣ በእርግጥም ቢያስገርም፣ ሰሚን ያስቀይማል።

«ዋንደር» ስም ሲሆን አይቆጠርም፣ ማለትም ብዙ ቁጥር የለውም፣ የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ስሜቱ አይቆጠርም፤ ስሜቱን የሚቀሰቅሰው ነገር ግን ይቆጠራል። የጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች በእንግሊዝኛ «ዋንደርስ» የተባሉት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከእነርሱ እስከ ዛሬ ቆሞ የሚገኘው የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አነባበቡ። ቃሉ በኦ ፊደል ስለተጻፈ «ዎንደር» ተብሎ ይነበባል የሚል ግምት አለ። የመጀመሪያው ድምፅ ግን «አንድ» ማለት በሆነው በ«ዋን» ውስጥ የሚሰማው ነው። በብሪታንያ አነጋገር «ዎንደር» ወደሚለው የሚቀርበው በኤ ፊደል የሚጻፈው ሌላ ቃል (wander) ሲሆን፣ ትርጉሙም ያለ ዓላማ ወዲያ ወዲህ መዘዋወር ነው። ሁለቱ በፊደልም በድምፅም ስለሚቀራረቡ በጽሑፍ ላይ ሲለዋወጡ ማየት የተለመደ ነው፤ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራምም ሁለቱ ትክክለኛ ቃላት በመሆናቸው ስህተቱን ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል።