የበሽታ ስርጭት ምጣኔ ምንድን ነው?

በአንድ አካባቢ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል፣ በአንድ ወቅት፣ አንድን በሽታ ይዞ የሚኖረው ከመቶ ስንቱ ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ የስርጭት ምጣኔ ይባላል። ትናንት የታመመውም፣ ሃያ ዓመት አብሮት የኖረውም እኩል ይቆጠራሉ። በዓመቱ ውስጥ አዲስ የታመሙትን ብቻ የሚያሳየው መለኪያ ሌላ ነው።

ቆጠራው ሆስፒታል መዝገብ ላይ ከተመሠረተ ግን ያሳስታል። ዝሆኔን እንውሰድ። በእሳተ ገሞራ ምክንያት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዓይነት ገበሬውን ከእርሻው ያስቀራል፤ ከሠርግና ከለቅሶም ያርቀዋል። ብዙዎች ከኀፍረት የተነሣ ቤት ይውላሉ እንጂ ሐኪም ዘንድ አይሄዱም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 ባለሙያዎች ራሳቸው ወደ 659 ወረዳዎች ወርደው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 130 ሺህ ያህል ሰዎችን መረመሩ። እግራቸው ያበጠውን ከጣታቸው ደም እየወሰዱ፣ እብጠቱ በወባ ትንኝ ንክሻ ከሚተላለፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት አለመሆኑን አጣሩ። በአገር ደረጃ ከመቶ 4 ሰው ተገኘ። በያኔው የደቡብ ክልል 8.3፣ በኦሮሚያ 4.1፣ በአማራ 3.9 ነበር። አገራዊው አማካይ ብቻ ቢታይ ኖሮ የደቡቡ ሸክም እጥፍ መሆኑ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ጫማ፣ ሳሙናና ቅባት ለየትኛው ወረዳ ቅድሚያ ይድረስ የሚለውን የሚወስነው ይህ ዝርዝር ነው።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው፤ ሳያም ለዓመታት ስለሚቆይ ሰዎች ራሳቸውን ጤነኛ አድርገው ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የእያንዳንዱ ሰው ግፊት ሦስት ጊዜ ተለክቶ የመጨረሻዎቹ ሁለት አማካይ ተወሰደ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኘባቸው።

ምጣኔው ሲጨምር ሁልጊዜ ክፉ ዜና ነው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ይሞቱ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ቆዩ፤ በሕይወት ያለ ሁሉ ደግሞ ይቆጠራል። ሞት ሲቀንስ ቁጥሩ ሊቆም ወይም ሊወጣ ይችላል። ወረርሽኙ እየተገታ መሆኑን የሚነግረን በዓመቱ አዲስ የተያዙት ብዛት ነው።