«ኪኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል»፦ ስለ እርግዝና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የብረት ኪኒን ልጁን ያገዝፈዋል፤ ምጡም ይከብዳል።»
ብዙ ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን ኪኒን ሳይውጡ ቤት የሚያስቀምጡት በዚህ ፍርሃት ነው። ኪኒኑ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊግራም ብረት እና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፤ ሥራውም የደም ማነስን መከላከል ነው። ልጅን ከልክ በላይ የሚያገዝፈው በብዛት ያልታከመ የእናት ስኳር በሽታ ነው። ደም ያነሳት እናት ግን ሌላዋ የምትቋቋመው የወሊድ ደም መፍሰስ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል።

ኪኒኑ ሊያቅለሸልሽና ሆድ ሊያደርቅ ይችላል፤ ሰገራንም ያጠቁራል፣ እሱ አያስደንግጥ። ካቅለሸለሸ ከትንሽ ምግብ ጋር ወይም ማታ ሲተኙ መዋጥ ይረዳል። አቦሉን ጠጥቶ ወዲያው መዋጥ ግን ብረቱን ማባከን ነው፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢቻል 2 ሰዓት ይራራቁ። ከወተት ጋርም አይዋጥ። ብርቱካን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ግን ያግዘዋል።

«ወተት፣ እርጎና ሙዝ ልጁ ላይ ይለጠፋል።»
ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ከእናቱ ምግብ አልመጣም። የራሱ ቆዳ ያመነጨው ቅባትና የረገፈ ቆዳ ድብልቅ ነው፤ ወተት ቀምሳ የማታውቅ እናት ልጅም ይዞት ይወለዳል። በሽርት ውሃ ውስጥ ሲኖር ቆዳውን ይጠብቅለታል። ስለዚህ ተፈትጎ አይነሳ፤ የመጀመሪያው ገላ መታጠብም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ።

«ትንሽ ብትበላ ልጁ ትንሽ ሆኖ በቀላሉ ይወለዳል» ወይም «ለሁለት ሰው ብይ።»
ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፣ ለመጥባትም አቅም ሊያጥረው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የምግብ መጠን መጨመር እምብዛም አያስፈልግም፤ ከ4ኛው ወር ወዲህ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይበቃል።

«ተልባ የልጁን መውጫ ያለሰልሳል።»
የተጠጣው ወደ አንጀት ይሄዳል፤ ልጁ ያለው ማህፀን ውስጥ ነው። ኪኒኑ ያመጣውን የሆድ ድርቀት ቢያስታግስ እንጂ ምጥ ላይ ሚና የለውም።

«አፈር ማማር ያው አምሮት ነው።»
የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። አፈሩ ደግሞ የወስፋት እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ደም ታስመርምር፤ ሄሞግሎቢኗ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደም ማነስ ነው።

«ማድያትና ሆድ ላይ የሚወርደው ጥቁር መስመር ፆታ ይናገራሉ።»
የሆርሞን ሥራ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይደበዝዛሉ። ከፀሐይ መከለል ይጠቅማል። ከገበያ የሚገዛ የማንጫ ክሬም ግን ሜርኩሪ ሊኖርበት ስለሚችል አይቀባ።

«ነፍሰ ጡር ማበጧ ያለ ነው።»
ይሄኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ ያሳስባል። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት አብጦ፣ እግር ከፍ አድርገው ሲተኙ የሚጎድል ከሆነ የተለመደ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፊትና እጅ በድንገት ካበጡ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከመጣ ግን አደገኛ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል የሚቀጥለው ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጤና ተቋም ሄዳ የደም ግፊቷን ትለካ፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንቷም ለፕሮቲን ይመርመር።