«ሊብሬው በእጄ ነው» እና ሌሎችም፦ ያገለገለ መኪና ስንገዛ ስለ አከፋፈል የምንሳሳታቸው ነገሮች

መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ቦዲው ስቱኮ እንዳለው በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሷል ብሎ ይከራከራል። ብሩ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይተወውና «እንዴት ልክፈልህ?» ብሎ ሻጩን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ውል በመጻፍ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ተጣልተው ከተመለሱልኝ ሰዎች ውስጥ በሞተር ምክንያት የተጣሉት ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ጠብ ብሩ መቼ ወጣ፣ ማን እጅ ገባ የሚል ነው። የምሰማቸውን ነገሮች እንደመጡልኝ ላንሳ።

«ከጥሬ ገንዘብ የሚሻል የለም»

2 ሚሊዮን ብር በባለ 200 ኖት 10,000 ቅጠል፣ ማለትም 100 እስር ነው። ማን ቆጥሮ፣ ማን ፎርጅዱን ለይቶ፣ ማንስ በየት መንገድ ይዞት ይሄዳል? በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ላይ ገደብ ጥሎ ነበር፤ መጀመሪያ ለግለሰብ በቀን 200,000 ብር ነበር፣ ቆይቶም መጠኑ ተቀያይሯል። ለገዢ ከሁሉ የሚከፋው ግን ጥሬ ብር ዱካ የሌለው መሆኑ ነው። ሻጩ «አልተቀበልኩም» ቢል የምታድናችሁ ውሉ ላይ «ሙሉ ክፍያውን ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመባት መስመር ብቻ ናት።

«ሲፒኦውን ካየሁ ብሩ ገባ ማለት ነው»

ሲፒኦ ጥሩ ነገር ነው። ባንኩ ብሩን ከገዢው ሂሳብ ቀንሶ «ለእገሌ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚሰጠው ስለሆነ ከግል ቼክ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒው ምንም ዋጋ የለውም፤ ዋናው በገዢው እጅ እስካለ ድረስ ገዢው ወደ ባንኩ መልሶ ሊያሰርዘው ይችላል። ፎርጅድም ይሠራል። ሻጭ የሆነ ሰው ሲፒኦውን ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ ያረጋግጥ። በስልክ ካረጋገጠም ቁጥሩን ራሱ ይፈልግ፣ ገዢው በሰጠው አይደውል።

ገዢውን የሚያሰቃየው ሌላ ነው፤ ስም። አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ወገኖች ፊቴ ተቀምጠዋል፣ ሲፒኦው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻጩ አንስቶ አየውና ዝም አለ። መታወቂያውና ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ስሙ «ኃይለሚካኤል» ነው፤ ሲፒኦው ላይ «ሚካኤል» ተብሏል። ደላላው በስልክ ያለውን ገዢው እንደሰማው አስጽፎታል። ባንክ ደግሞ እንዲህ ያለውን አይቀበልም። ሰዓቱ ስላለፈ ለሰኞ ተቀጣጠሩ፤ እሁድ ዕለት ሻጩ የተሻለ ገዢ አገኘ። ሲፒኦ ከማሠራታችሁ በፊት የሊብሬውን ፎቶ አስልኩና ስሙን ፊደል በፊደል ገልብጡ።

እኔ ብጠየቅ ከሲፒኦም በላይ የምወደው ሁለቱም አንድ ባንክ ሂሳብ ኖሯቸው መስኮት ላይ ቆመው ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ሲያዛውሩ ነው። ሻጩ ቀሪ ሂሳቡን እዚያው ይጠይቃል፣ ገዢው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ተያይዘው በቀጥታ ውልና ማስረጃ። በሞባይል ባንኪንግ ለመላክ የሚያስቡ ደግሞ የቀን ጣሪያ እንዳለው ይወቁ፤ ግማሹ ዛሬ ግማሹ ነገ ከሆነ ግማሽ የተከፈለ መኪና ይዛችሁ ታድራላችሁ።

«ኤስኤምኤሱ ደርሶኛል፣ አለቀ»

አላለቀም። «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ማንም አስመስሎ ይልካል፣ የደረሰኝ ስክሪንሾትም በስልክ ይሠራል። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ እዩ።

«ቀብድ ከፍያለሁ፣ መኪናው የእኔ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነውና። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ሻጩን አያስርም፤ የመውጫውን ዋጋ ብቻ ይወስናል። ዋጋ በሚረጋጋበት ጊዜ ይህ ብዙም አይታይም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና ዋጋ ሲንር ግን ሒሳቡ ሌላ ሆነ። 50,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ 100,000 ቢመልስ ከራሱ ኪስ የሚወጣው 50,000 ነው፤ መኪናው ከዚያ በላይ ከጨመረ ውሉን ማፍረስ ያተርፈዋል።

መኪናውን በእርግጥ የምትፈልጉት ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። ውል አፍራሹ የሚከፍለውን መቀጫ የሚያስቆጭ አድርጋችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ላይም «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድመ ክፍያ» የሚለውን አስባችሁ አስገቡ፤ ቃሉ ሲቀየር መብቱም ይቀየራል። ቀብዱን ለደላላ እጅ በእጅ ሰጥቶ «ያስረክብልኛል» የሚል ሰው ዛሬም ያጋጥመኛል፤ ለእሱ ምን እንደምለው እስካሁን አላገኘሁም።

«ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ»

ወጪ ለመቀነስ ተብሎ 1.8 ሚሊዮን የተከፈለበት 600,000 ተብሎ ይጻፋል። ኋላ መኪናው የተሰረቀ ወይም ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ያልተከፈለበት ሆኖ ውሉ ቢፈርስ፣ በፈራሚዎች መካከል የጽሑፍ ውል ሙሉ ማስረጃ ነው (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2005)። «ቀሪውን 1.2 ሚሊዮን በጆንያ ሰጥቼዋለሁ» ብላችሁ ማንን ታሳምናላችሁ?

«ቼኩን ለወሩ ነው የጻፍኩት»

ቀሪውን በየወሩ ለመክፈል የወደፊት ቀን የተጻፈባቸው ቼኮች የሚሰጡ ገዢዎች ሻጩ ከቀኑ በፊት ባንክ አይሄድም ብለው ያምናሉ። በንግድ ሕጉ ግን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ነው። ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደረቅ ቼክ ይባላል፤ እያወቀ የጻፈው ሰው በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

«ሊብሬው በእጄ ነው፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዛውራለን»

ሊብሬን መያዝና በሊብሬው ላይ መጻፍ የተለያዩ ናቸው። ስሙ እስኪዛወር ድረስ የሻጩ አበዳሪ መኪናውን ሊያሳግድ ይችላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፤ የተወሰነ ገንዘብም እስከ ስም ዝውውሩ ድረስ እንዲቆይ ተስማሙ። ሻጩም ቢሆን መቸኮል አለበት፤ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ነው ተጠያቂው (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081)፣ ገዢው ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው።

«ባለቤቱ አሜሪካ ነው፣ ለወንድሙ ክፈል»

ወንድሙ ውክልና ካለው ይቻላል። ውክልናው ግን መሸጥን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ መቀበልንም በግልጽ ይበል። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል፣ ስለዚህ በቪዲዮ ደውላችሁ ሰላም በሉት። «እዚያው ለእህቴ በዶላር ላክላት» ከተባላችሁ እንቢ በሉ፤ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ያለን ንብረት በውጭ ምንዛሪ መገበያየት ክልክል ነው፣ የላካችሁትንም እዚህ ፍርድ ቤት ማስረዳት ጣጣ ነው።

«ሊብሬው በባል ስም ስለሆነ ለባል መክፈል ይበቃል»

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992 የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ዛሬ የመኪና ምንጣፍም አይገዛም፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው።) ስለዚህ ሚስትም ትፈርማለች፤ ያላገባ ደግሞ ማስረጃ ያመጣል። አንዲት ሴት ልትፈርም መጥታ እስክሪብቶውን አንስታ ቆም አለችና ባሏን «ለየትኛው አካውንት ነው የገባው?» አለችው። የቤቱን አካውንት ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ገዢው ደረሰኙን ሲያወጣ ላዩ ላይ ያለው ሌላ ቁጥር ነበር። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው፤ ገዢው ብሩን ከከፈለ ሦስት ቀን ሆኖታል።