የሴራሚክ ብይ ምንድን ነው? ለኩሽኔታና ለቫልቭ የትኛው ይሻላል?

አዳማ ላይ ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ስለ ሴራሚክ ብይ የጠየቀ ሰው ሁለት ነገር ሳይሰማ አይወጣም፦ «ውድ ነው» እና «ከብረት ይጠነክራል»። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለመምረጥ ግን አንዱም አይረዳም። የሚረዳው የቀድሞው ብይ በምን ተበላሸ ብሎ መጠየቅ ነው። በኤሌክትሪክ? በሙቀት? በክሎሪን? ሴራሚክ ተብለው የሚሸጡት ነገሮች እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ የሚችለውን ሌላው አይችለውም።

የሴራሚክ ብይ ደቃቅ ዱቄት ተጨምቆ፣ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ፣ በመጨረሻም በአልማዝ ብናኝ እየተፈተገ ክብነቱ የሚስተካከል ኳስ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሦስት ዓይነቶች ናቸው፤ ሲሊከን ናይትራይድ፣ ዚርኮኒያ እና አሉሚና። አራተኛው፣ ሲሊከን ካርባይድ፣ ለከባድ አሲድ ቫልቭ ይታዘዛል እንጂ ተራ ጥገና ላይ ብዙም አያጋጥምም።

ለኩሽኔታ ዋናው ሲሊከን ናይትራይድ ነው። ቀለበቶቹ ብረት ሆነው ብዮቹ ብቻ ከሴራሚክ ሲሠሩ ኩሽኔታው ሃይብሪድ ይባላል። ብዩ የብረቱን ክብደት 40 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ በፍጥነት ሲሽከረከር የውጭውን ቀለበት የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። በኮምፒውተር የሚመሩ የመቁረጫ ማሽኖች (ሲኤንሲ) ስፒንድል፣ ማለትም ዋናው የሚሽከረከር ዘንግ፣ ውስጥ የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛ ከተማ ግን ሌላው ጠባዩ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ዛሬ ብዙ ፋብሪካና የውሃ ፓምፕ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው በኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ነው። ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ እየቆራረጠ ስለሚልክ በሞተሩ ዘንግ ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ያ ቮልቴጅ መውጫ ሲፈልግ የሚያገኘው በብዩና በቀለበቱ መካከል ያለውን ስስ የግራሶ ሽፋን ነው። ሽፋኑን በስቶ ሲያልፍ ትንሽ ብልጭታ ይነሳና ብረቱን በነጥብ ያቀልጠዋል። እንዲህ ሲደጋገም የቀለበቱ መንገድ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸነሸናል፣ ግራሶውም ይጠቁራል። ሞተሩ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቆይቶ ይጮኻል። ጠጋኙ «ዕቃው ጥራት የለውም» ብሎ ሌላ ይገጥምለታል፤ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የወጣውን ኩሽኔታ ከመጣል በፊት በግራይንደር ሰንጥቆ ውስጡን ማየት ብዙ ወጪ ያድናል። ሽንሽኑ ከታየ ጥፋቱ የግራሶም የአቧራም አይደለም።

ሲሊከን ናይትራይድ ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ቮልቴጁን ግን አያጠፋውም። በአንድ በኩል የተዘጋበት ቮልቴጅ ሞተሩንና ፓምፑን በሚያገናኘው ኩፕሊንግ አልፎ የፓምፑን ኩሽኔታ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ብሩሽ አብሮ ቢገባ ይመረጣል።

ሙቀት ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ብይ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ገደማ ያብጣል፤ የሲሊከን ናይትራይዱ 3 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ለብረት ብይ ተለክቶ የተሠራ ኩሽኔታ ፈትቶ ብዩን ብቻ በሴራሚክ መተካት የማያዋጣው አንድም በዚህ ነው፤ የውስጡ ክፍተት ሲሞቅ እንደታሰበው አይሆንም። በዚህ በኩል ለብረት የሚቀርበው ዚርኮኒያ ነው። ሌላው ችግር ሲሊከን ናይትራይድ ከብረት ይልቅ ግትር መሆኑ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ስለማይለጠጥ ቀለበቱን የሚነካው በጠባብ ቦታ ነው። በመዶሻ እየተመታ በሚገጠም ኩሽኔታ ላይ ሴራሚክ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ብዩ ባይጎዳ እንኳ ቀለበቱ ይሰረጎዳል።

ሻጩ «ሴራሚክ ነው» ያለውን እንዴት እናጣራ? ማግኔት ብረቱን ይለያል፤ ሴራሚክ ምንም አይሳብም። ከዚያ የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል። 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ብይ ከብረት ሲሆን 4.1 ግራም፣ ከዚርኮኒያ 3.1 ግራም፣ ከአሉሚና 2 ግራም፣ ከሲሊከን ናይትራይድ 1.7 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሲሊከን ናይትራይድ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ስለሆነ በዓይንም ይለያል። ነጮቹን፣ ዚርኮኒያንና አሉሚናን፣ ግን በዓይን መለየት ያሳስታል።

ደረጃው በቁጥር ይጻፋል፤ ጂ5፣ ጂ10፣ ጂ25 እየተባለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዩ ይበልጥ ክብ ነው፤ ጂ5 ከትክክለኛ ክብነት የሚርቀው ቢበዛ 0.13 ማይክሮን ነው። እጅግ በትክክል መሽከርከር ላለበት ኩሽኔታ ይህ ያስፈልጋል፤ ብዮቹም በአንድ ዙር የተመረቱ መሆን አለባቸው። ለቫልቭ ግን ጂ5 መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ እዚያ የሚወስነው ብዩና መቀመጫው እርስ በርስ መግጠማቸው ነው።

ወደ ቫልቭ ስንመጣ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ኬሚካል እየለካ የሚጨምረው ዶዚንግ ፓምፕ ነው። አዳማ የመጠጥ ውሃዋን ከአዋሽ ወንዝ ስባ አጣርታ ነው የምታገኘው፤ ውሃ በሚጣራበት ሁሉ፣ ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካም ሆነ መዋኛ ገንዳ፣ ክሎሪን እየለካ የሚጨምር ፓምፕ አለ። በፓምፑ ራስ ውስጥ ከታችና ከላይ አንዳንድ ብይ ይቀመጣል፤ ሲስብ የታችኛው ተነስቶ የላይኛው ይዘጋል፣ ሲገፋ ተገላቢጦሽ። ክሎሪን የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ስለሚቦረቡር እዚህ አሉሚና ያዋጣል፤ ርካሽ ነው፣ ክሎሪኑንም ይችላል። ንጽሕናው 99.5 በመቶ የሆነውን መጠየቅ ግን አይረሳ፤ ዝቅ ያለውን አሲድ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ፈሳሹ ወፍራም ወይም አሸዋ ያለው ከሆነ ዚርኮኒያ ይሻላል፤ ከባድ ስለሆነ ቶሎ ወርዶ ይዘጋል፣ ሲመታም በቀላሉ አይፈነከትም። የእንፋሎት መስመር ላይ ግን አይሆንም። ኢትሪያ በሚባል ኦክሳይድ የተጠናከረው የተለመደው ዚርኮኒያ እርጥበት ያለው ሙቀት ሲያገኘው፣ በተለይ ከ150 ዲግሪ በላይ፣ ፊቱ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ እያወጣ ይዳከማል።

ፓምፑ መጠኑን ማዛባት ሲጀምር ደግሞ ብይ ከመግዛት በፊት የፓምፑን ራስ ፈትቶ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ብዩ ደህና ሆኖ መቀመጫው ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ተጣብቆ ይገኛል። ቅርፊቱ በቀጠነ አሲድ ይለቃል፤ መጀመሪያ ግን የፓምፑ ራስ በብዙ ንጹህ ውሃ ታጥቦ ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። አሲድና ክሎሪን ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።